የደብዳቤ ግልባጭ የነጋዴ ምስክር ነው

በቀድሞው ዘመን ነጋዴ ለውጭ አገር ደንበኛው ደብዳቤ በሚጽፍበት ጊዜ በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አግብቶ ይጽፍ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ዋናው በፖስታ ይላካል፤ ግልባጩ በማኅደር ተጠርዞ ይቀመጣል። ቤቱ ቢታደስ፥ ጸሐፊው ቢለወጥ፥ ማኅደሩ ከመደርደሪያው አይነቃነቅም ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ አባቶቻችን የተናገሩት በከንቱ አይደለም።

ዛሬ በሚዛን ተፈሪ፥ በቴፒና በበበቃ አካባቢ የሚሰበሰበው ቡና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ጅቡቲ ወደብ እስኪደርስ ድረስ፥ ስለ እርሱ የሚደረገው ንግግር ሁሉ የሚመላለሰው በኢሜይል ነው። የናሙናው መጽደቅ፥ ዋጋው፥ የጭነቱ ወር፥ የባንክ መተማመኛ ሰነዱ ቃል፥ ይህ ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ ያ ኮምፒዩተር የታመመ ዕለት ምን ይሆናል?

መልሱን ከራሳችን ቤት ልናገር። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ በድንገት በተመለሰ ጊዜ የጽሕፈት ቤታችን ኮምፒዩተር አልነሣም አለ። ለጥገና ሰጠነው፤ በሁለተኛው ቀንም ድኖ ተመለሰልን። ዊንዶውስ አዲስ ተጭኗል፤ የደብዳቤው ፕሮግራም አውትሉክም አዲስ ተጭኗል። ስንከፍተው ግን የደብዳቤው ሣጥን ባዶ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ የውጭ አገር ገዢ «የላካችሁት ቡና ካጸደቅሁት ናሙና ጋር አይስማማም» ሲል ጻፈልን። ናሙናውን ያጸደቀበት ደብዳቤ የት አለ? ከጠፉት ጋር ጠፍቷል። ስለዚህ የገዛ ውላችንን ግልባጭ ከተከራካሪያችን እጅ ለመለመን ተገደድን። ነጋዴ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ኀፍረት አይገኝም።

በስድስተኛው ቀን ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ወጣት መጥቶ ደብዳቤዎቹን አገኛቸው። ጠጋኙ ዲስኩን ጨርሶ ሳያጠፋ ዊንዶውስን በላዩ ስለ ጫነበት፥ አሮጌው ዕቃ ሁሉ «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ክፍል ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ይህ ክፍል 10 ቀን ያህል ከቆየ በኋላ በራሱ ጊዜ የሚሰረዝ መሆኑን ስንሰማ ደነገጥን። ክርክሩም በሰላም አለቀ፤ ነገር ግን ያ ገዢ ከዚያ ወዲህ በሚጽፍልን ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ «እባካችሁ ግልባጩን ጠብቁ» የሚል ቃል ይጨምራል።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የጠጋኙ አይደለም። ጠጋኝ የሚጠግነው መሣሪያውን ነው፤ በውስጡ ያለው ሀብት የማን እንደ ሆነና ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የቤቱን ጣሪያ የሚያድስ ሰው አስቀድሞ ዕቃውን ያወጣል እንጂ «አናጢው ሰበረብኝ» ብሎ አይከስም።

«ደብዳቤዬ በኩባንያው ማእከል ስለሚገኝ አይጠፋም» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ እውነት የሚሆነው ለአንዳንዱ ነው። ደብዳቤው «አይማፕ» በተባለው መንገድ የሚመጣለት ሰው፥ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን እንደ ገና ባስገባ ጊዜ ሁሉም ይመለስለታል። «ፖፕ» በተባለው በቀድሞው መንገድ የሚቀበል ግን፥ ደብዳቤው ወደ ኮምፒዩተሩ ከወረደ በኋላ ብዙ ጊዜ ከማእከሉ ይሰረዛል፤ የሚቀረውም በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ስሙ በ«ፒ.ኤስ.ቲ.» በሚያልቅ አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ያ ፋይል አስቀድሞ በሌላ ዲስክ ከተገለበጠ፥ በአዲስ የተጫነው ነባሩ አውትሉክ ከፍቶ ያነበዋል። ካልተገለበጠና ዲስኩ ከጠፋ ግን ተስፋው የመነመነ ነው፤ በላዩ አዲስ ነገር በተጻፈ ቊጥር አሮጌው ይሸፈናልና።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቊጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል፤ እንግዲህ ኢሜይል ማስረጃ ነው ማለት ነው፤ ማስረጃውን የጣለ ሰውም መብቱን ጣለ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጥበቃ ደንብ፥ ቡናው የበቀለበት መሬት በካርታ ነጥብ እንዲገለጽ፥ አስገቢውም መግለጫውን 5 ዓመት እንዲጠብቅ ያዛል። የሚፈጸምበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ደንቡ አልተሻረም። የሸካና የቤንች ሸኮ ገበሬ ማሳ ነጥብ በኢሜይል ተልኮ ከጠፋ፥ እንደ ገና ጫካ ለጫካ ዞሮ መለካት ሊያስፈልግ ነው።

ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፥ ብዙ ነጋዴ ኮምፒዩተሩን ማሳደስ ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ማናቸውም ነጋዴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሱቁን ሳይዘጋ የደብዳቤውን ፋይል በውጭ ዲስክ ይገልብጥ፤ የዲስኩ ዋጋ የአንድ ኩንታል ቡና ዋጋ አያህልም። ዲስኩም ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ክፍል አይደር። ሁለተኛ፥ ኮምፒዩተር ለጥገና ሲሰጥ «ዲስኩ ሳይገለበጥ አይጥፋ» የሚል ቃል በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ የንግድ ምክር ቤቶቻችን በቡናው አገር ለሚገኙ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎች አጭር ትምህርት ያዘጋጁ፤ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም በአጠገባችን ሳለ አስተማሪ አጣን ማለት አይቻልም።

ቡናችንን ዝናብ እንዳይመታው ሸራ እናለብሰዋለን። የተሸጠበትን ቃል ግን ያለ ሸራ በሜዳ ትተነዋል። ጅቡ ከሄደ በኋላ እንደ ጮኸው ውሻ እንዳንሆን፥ ግልባጩን ዛሬውኑ እናኑር።