ሰውነት ማጎልመሻን አትቀሙ!

ራያን ጊግስን የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ የለም። የማንቸስተር ዩናይትዱ የግራ ክንፍ ጫማውን የሰቀለው እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ40 ዓመቱ ነው። ምስጢሩን ሲጠየቅ ደጋግሞ ያመሰገነው ዮጋን ነበር። በእሱ እኩያ፣ በ1973 አሰላ የተወለደው ኃይሌ ገብረሥላሴ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የእርሱ ልምምድ የትምህርት ቤቱ መንገድ ነበር፤ መሄጃ 10 ኪሎ ሜትር፣ መመለሻ 10 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ደብተር ይዞ!

ዮጋም ይሁን ሩጫ ጉዳዩ ወዲህ ነው፤ ተማሪ በደንብ ሊያልበው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጠንካራውን ይመክራል። ጠንካራ ማለት ትንፋሽ አጥሮ ወሬ የሚያቋርጥ ዓይነት ነው። ልብንና አጥንትን ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ያስተካክላል፣ ጭንቀት ያቀላል። ድርጅቱ በ2019 ባወጣው ጥናት ግን በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች ከ10 ከ8 በላይ የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም።

ታዲያ እኛ ጋ ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀማው ክፍለ ጊዜ የቱ ነው? ሰውነት ማጎልመሻ! ሒሳብ ይተካበታል። «ጭንቅላቱ ይሥራ» ይባላል፤ የደከመና የተጨነቀ ጭንቅላት ግን ሒሳቡንም አይዝም።

«ሜዳ የለንም» የሚለው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሰበብም አያዋጣም። ጠንከር ያለ ዮጋ የሚፈልገው አንድ ምንጣፍ የምታክል ቦታና የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው። የሲሬ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የአርሲ ዳገትና አየር ሞልቶታል። ግን በባዶ ሆድ ረጅም መንገድ መሄድ ስፖርት አይባልም። ምግብ፣ እረፍትና የሚከታተል መምህር ይፈልጋል።

የመምህርን ዋጋ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያው አርሲ፣ በቆጂ ይበቃል። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በልጅነታቸው ያለፉት በስንታየሁ እሸቱ እጅ ነው። እሱም የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር።

እርግጥ ሁሉም ተማሪ ኃይሌ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ጤነኛ መሆን ግን የሁሉም ድርሻ ነው። ትምህርት ቤቶች ክፍለ ጊዜውን ይመልሱ። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ የተጫዋቹን ትንፋሽ የሚተች ወላጅም ሰኞ ትምህርት ቤት ጎራ ብሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ልጄ በሳምንት ስንት ቀን ያልበዋል?»