የዳክዬ አዳኝ መሣሪያ ሲመርጥ

በአሜሪካ አገር በትምህርት ላይ የሚገኝ አንድ ወዳጃችን፣ ከጓደኞቹ ጋር ዳክዬ አደን መውጣት መጀመሩንና ባለሁለት አፈሙዝ ረሽ ለመግዛት ማሰቡን ጽፎልናል። ዓይኑ ያረፈው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው፣ ጎኑ ላይ አበባና ወፍ በተቀረጸበት የእንግሊዝ ሥራ ላይ ነው። ዋጋው ለተማሪ የሚቻል ነው ይለናል። «ምን ትላላችሁ?» ሲል ለጠየቀን መልሳችን አጭር ነው፤ አትግዛው።

ምክንያታችን መሣሪያው አርጅቷል በማለት አይደለም፤ የተለወጠው ጥይቱ ነው። በዚያ ዘመን የረሽ ጥይት ፍሬ እርሳስ ነበር። ዳክዬ ጥርስ ስለሌላት እህሏን በሆዷ የምትፈጨው በዋጠችው ጠጠር ነው፤ ከረግረጉ ጠጠር ስትለቅም አዳኝ የበተነውን እርሳስም አብራ ትለቅማለች፤ በመርዙም ቀስ በቀስ ትሞታለች። ስለዚህም አሜሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለዳክዬና ለዝይ አደን እርሳስን ከለከለች፤ እንግሊዝ በ1999፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 በረግረግ ሥፍራዎች ተከተሉ።

በእርሳስ ፈንታ በብዛት የሚሠራበት ብረት ነው። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ በአፈሙዙ ጫፍ ጥበት ሲያልፍ ይታመቃል፤ ብረት ግን እሺ አይልም። ግድግዳው የሳሳና ጫፉ የጠበበ የድሮ አፈሙዝ ብረት ሲተኮስበት ሊቧጨር ወይም ሊያብጥ ይችላል። የሚብሰው ገና ነው። ከእነዚህ የድሮ የእንግሊዝ ረሾች ብዙዎቹ ጥይት የሚጎርሱበት ክፍል ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአሜሪካ ሱቅ በብዛት የሚገኘው ጥይት 70 ወይም 76 ነው። ጥይቱ ሳይተኮስ አፉ ስለታጠፈ ያለ ችግር ሊገባ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ያን ጊዜ የሚያሰጋን የዳክዬዋ ነገር ሳይሆን አፈሙዙን የደገፈው የወዳጃችን እጅ ነው።

ቢስመዝ የሚባል ለስላሳ ማዕድን አለ የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፤ የአያቱን መሣሪያ የወረሰ ሰው በባለሙያ አስለክቶና አስመርምሮ፣ ርዝመቱና ኃይሉ የሚስማማ የቢስመዝ ጥይት ቢጠቀም አንነቅፈውም። ዋጋው ግን የተማሪን ኪስ ያራቁታል።

ጓደኞቹ ደግሞ «ባለሁለቱን ተወው፤ ደጋግሞ የሚተኩሰውን ግዛ» ብለውታል። በዚህ አንስማማም። በተለመደው የዳክዬ አደን ወቅት የአሜሪካ ሕግ በአንድ ረሽ ውስጥ ከሦስት ጥይት በላይ አይፈቅድም፤ ልዩነቱ አንዲት ጥይት ብቻ ናት። ባለሁለቱ ግን አንዱ አፈሙዝ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ብሎ ስለሚሠራ፣ ሁለት ቃታ ያለው ሲሆን ለቅርቧ አንዱን፣ ለምትርቀው ሌላውን ወዲያው መምረጥ ይቻላል። ተከፍቶ ሲታጠፍም ባዶነቱን አጠገብ ያለ ሁሉ ያያል፤ በጠባብ መሸሸጊያ አብረው ለሚቀመጡ ጓደኞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ናሽ በኪንግሃም የተባለው አሜሪካዊ የአደን ጸሐፊ እንዲህ ያለ ባለሁለት አፈሙዝ ነበረው። በ1948 መኪና ላይ ተረስቶ ጠፋ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተገኝቶ በ2010 በሐራጅ 201 ሺህ 250 ዶላር አወጣ። ገዢው የከፈለው ለስሙ ነው፤ ባለቤቱ ግን ያሠራው ከፍ ብላ ለምታልፍ ዳክዬ ብሎ፣ ከባድና ረጅም አፈሙዝ ያለው አድርጎ ነበር።

እንግዲህ ወዳጃችን ባለ 12 ቁጥር፣ 76 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ ለብረት ፍሬ የተሠራ ባለሁለት አፈሙዝ ይፈልግ። ጌጥ ባይኖረው ግድ የለም። ከመጠን በላይ የቀለለውንም ይተው፤ ትከሻውን ይመታዋል። ሱቅ ሲሄድ የክረምት ካፖርቱንና ጓንቱን ይዞ ይሂድ፤ ሰደፉ በሸሚዝ ልክ የሆነለት ሰው በካፖርት ሊረዝምበት፣ ጓንት ያጠለቀ ጣትም ሁለተኛውን ቃታ ሊያጣው ይችላል።