ያንኳኳውን ሳይለዩ መክፈት

የሰው እጅ የሠራው ነገር ሁሉ ከመሰበሩ አስቀድሞ ብዙውን ጊዜ ድምፅ ይሰጣል። ምሰሶ ከመውደቁ በፊት ይንቋቋል፤ በርም ማጠፊያው ሲያልቅ ያቃስታል። አውቶሞቢልም በፊት እግሩ በኩል አንድ ነገር ሲላላበት ጕድጓድ ባገኘ ቍጥር ያንኳኳል። ይህን ድምፅ ሰምቶ ቸል የሚል ሰው አንድ ጥፋት ያጠፋል። ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ ሳያስመረምር በግምት ዕቃ የሚያስለውጥ ሰው ግን ሁለት ጥፋት ያጠፋል፤ ገንዘቡን ያባክናል፤ አደጋውንም ከነበረበት አያነሣውም።

ለአዲስ አበባ ሰው አውቶሞቢል እንግዳ ነገር አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ወደ ከተማይቱ ከገባ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ የአራዳው መካከል ፒያሳ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። የጋራዡም ቋንቋ ከጣልያንኛ ብዙ ወርሷል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ብሎን፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ የሚባሉት ሁሉ ከዚያው የመጡ ቃላት ናቸው። ቃሉ እንዲህ ተወርሶ ሳለ የመመርመር ትዕግሥቱ ግን በየጋራዡ እኩል ሳይለመድ ቀርቷል።

አራዳ ደግሞ የአውቶሞቢልን እግር የሚፈትን ስፍራ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ በታች ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ቍልቍለት ነው፤ ከፒያሳ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ወርዶ ወደ አራት ኪሎ የሚዘልቀውም መንገድ መውረድና መውጣት ያለበት ነው። በቍልቍለት ፍሬን በተያዘ ጊዜ የአውቶሞቢሉ ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ ሸክሙንም የሚቀበለው የፊት እግር ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ዋናዎቹ ጎዳናዎች ታድሰዋል። ነገር ግን ጌጠኛ ድንጋይ በተነጠፈባቸው የሠፈር መንገዶችና በፍጥነት መግቻዎች ላይ ያ የታወቀው ማንኳኳት ዛሬም ይሰማል።

የተለመደው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ነጂው «ፊቱ ያንኳኳል» ብሎ ያመለክታል። ጋራዡም ሳይውል ሳያድር «አሞርዛተር ይለወጥ» ይላል። አሞርዛተሩ ይለወጣል፤ ድምፁ ግን እንዳለ አለ። ቀጥሎ ቴስቲናው ይለወጣል፤ ድምፁ ግን እንዳለ አለ። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ልባም ሠራተኛ ጐንበስ ብሎ ሲመለከት የላላ ዳዶ ያገኛል፤ በቍልፍ አንድ ጊዜ ቢያጠብቀው ድምፁ ይጠፋል። አውቶሞቢሉ የግል ሲሆን ጕዳቱ የባለቤቱ ብቻ ነው። የመንግሥት ንብረት ሲሆን ግን በየወረቀቱ ላይ የሹም ፊርማ አለበት፤ የተከፈለውም የሕዝብ ገንዘብ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። የዜማ መምህር ብዙ ደቀ መዛሙርት ባንድነት ሲያዜሙ ድምፁን የሳተውን አንዱን በጆሮው ለይቶ ያርመዋል እንጂ ሁሉንም ከጉባኤ አያስወጣም። መልካም የአውቶሞቢል ሠራተኛም አስቀድሞ ጆሮ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ እጅ፤ ዕቃ መለወጥ የመጨረሻው ነው።

እንግዲህ ምርመራው ከጥያቄ ይጀምራል። ድምፁ የሚሰማው መቼ ነው? አስቀድሞ ክሪኩና ተቀያሪ ጎማው ተጠብቀው መታሰራቸውን፣ የጎማውም ብሎኖች አለመላላታቸውን ማየት ይገባል፤ የላላ ክሪክ ብዙ ሰው አታሏልና። ቀጥሎ በዚያው በሚያንኳኳበት መንገድ ላይ ሠራተኛው ራሱ ከነጂው ጋር ሆኖ ቀስ ብሎ መሄድ አለበት። በትናንሽ ድንጋይ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያንኳኳ ከሆነ፣ ቀኝና ግራውን የሚያገናኘው የማረጋጊያ ዘንግና ትናንሽ ማያያዣዎቹ ይጠረጠራሉ። ይህንም ለማረጋገጥ መንገድ አለ፤ ሁለቱ ጎማዎች መግቻውን እኩል ሲወጡ ዘንጉ ስለማይጠመዘዝ ድምፁ ይቀንሳል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ሲወጣ ግን ይበረታል።

ፍሬን ሲያዝ ወይም አውቶሞቢሉ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ከብዶ የሚመታ ከሆነ፣ ባለሞያዎች ብራቾ የሚሉት የታችኛው ክንድ ጎሚኒ አልቆ ይሆናል። በጕድጓድ ላይ እየሄዱ ፍሬኑን በቀስታ ሲረግጡት ድምፁ የሚጠፋ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ ከእግሩ ሳይሆን ከላላው የፍሬን ሸራ ወይም ከመያዣው ሊሆን ይችላል። አውቶሞቢሉ ቆሞ መሪ ሲዞር የሚንቋቋ ከሆነ ደግሞ አንዱ መሪውን ሲያዞር ሌላው እጁን በሞላው ላይ ቢያሳርፍ፣ የላይኛው መቀመጫ ያለቀ እንደ ሆነ ሞላው ሲነጥር ይሰማዋል። ድምፅ በብረት ውስጥ ተጕዞ ከራቀ ስፍራ ስለሚሰማ በግራ ያለው ጥፋት በቀኝ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጆሮ የጠቈመውን እጅ እስኪያረጋግጠው ድረስ ፍርድ አይሰጥም።

ከዚህ በኋላ አውቶሞቢሉ በክሪክ ይነሣል፤ በክሪክ ብቻም አይታመንም፤ ከሥሩ ጽኑ ድጋፍ ይደረግለታል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ ከኩሽኔታው ወይም ከቦልጆይንቱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬኑን ይርገጥ፤ መንቀሳቀሱ ከቆመ ኩሽኔታው ነው፤ ካልቆመ ቦልጆይንቱ ይጠረጠራል። ጎማው ከቀኝና ከግራ ተይዞ ከተነቃነቀ የመሪው ቴስቲና ሊሆን ይችላል።

በዚህም ላይ የአውቶሞቢሉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመታት በፒያሳ ሲመላለሱ በኖሩት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች ላይ ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ክሪኩ ከክንዱ ሥር ካልገባ ሞላው መገጣጠሚያውን አጥብቆ ስለሚይዘው ያለቀው ቦልጆይንት ደኅና ይመስላል። ቪትዝን በመሰሉት ዘንድ ግን ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ቆመው ሸክሙን ወደ ላይ ስለሚያስተላልፉ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ክንዱን በብረት እየፈነቀሉ መመርመር ይቻላል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሠራተኛ ጥፋተኛውን ነጻ አውጥቶ ንጹሑን ይቀጣል።

የተገኘውንም ጥፋት ማደስ ሥርዐት አለው። አዲስ ጎሚኒ የሚገባበት የክንዱ ብሎን ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ፈጽሞ ከተጠበቀ፣ አውቶሞቢሉ ወደ መሬት በወረደ ጊዜ ጎሚኒው ተጠማዞ ይቀራል፤ ሳይቈይም ይቀደዳል። የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ሊሆን ይገባል። «ዕቃው የተበላሸ ነው» ተብሎ በሻጩ ላይ የሚነገረው ነቀፋ አንዳንድ ጊዜ የገጣሚው ስሕተት ነው። ሥራው ካለቀ በኋላም ያው መጀመሪያ ያንኳኳበት መንገድ እንደ ገና ሊታይ ይገባል።

በሠራተኞቹ በኩል የሚሰማውም ቃል መታለፍ የለበትም። «ለዕቃ የሚከፍል እንጂ ለመመርመር የሚከፍል የለም» ይላሉ፤ ይህም እውነት አለበት። ባለንብረቱ ወደ ሶማሌ ተራ ሄዶ መለዋወጫ ለመግዛት ሳይከራከር ያወጣውን ገንዘብ፣ ለግማሽ ቀን ምርመራ ክፈል ቢባል እንደ ማታለል ይቈጥረዋል። ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት ቢሰጥ የሚቈጣ ሰው ከአውቶሞቢል ሠራተኛ ግን ያንኑ መጠየቁ የሚያስገርም ነው። ምርመራ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ዋጋ ሊቈረጥለት ይገባል።

ዓመታዊው ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉም ይህን ሁሉ አይተካም። ምርመራው የዚያን ቀኑን ሁኔታ ያሳያል፤ ቀሪዎቹን ቀኖች የሚሰማ ግን ነጂው ነው። ያለቀ ቦልጆይንት ተላቅቆ የወጣ እንደ ሆነ ጎማው ይገለበጣል፤ መሪውም ከነጂው እጅ ሥልጣን ይወጣል። ይህ በቸርችል ቍልቍለት ላይ ቢሆን በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛ ምን ያደርጋል? ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የነፍስም ነው።

ስለዚህ ሦስቱም ወገን የየራሱን ድርሻ መያዝ ይገባዋል። ነጂው «ያንኳኳል» ብሎ ብቻ አይተው፤ በየትኛው መንገድ፣ በምን ፍጥነት፣ ፍሬን ሲይዝ ወይስ ሲዞር መሆኑን ይጻፍ። ጋራዡ ያገኘውን ጥፋትና ያገኘበትን መንገድ ያስረዳ፤ የወጣውንም አሮጌ ዕቃ ያሳይ። ሹሙም «ምን ይለወጥ?» ከማለቱ አስቀድሞ «ምን ተገኘ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ ሳያገኝም አይፈርም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በከተማይቱ እየበዙ ሄደዋል። እነዚህም ቢሆኑ ሞላና ክንድ፣ ጎሚኒና ቦልጆይንት አላቸው፤ በባትሪያቸውም ምክንያት በመጠን ከሚመስሏቸው ብዙውን ጊዜ ይከብዳሉ። የሞተር ጩኸት ስለሌላቸውም ቀድሞ ተሸፍኖ ይቀር የነበረው ማንኳኳት በእነርሱ ዘንድ ጐልቶ ይሰማል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሰማ ሰው ድምፁ ገና ትንሽ ሳለ ምንጩን ይፈልግ። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብሎ ጠይቆ መክፈት የቤት ልማድ ነው፤ ይኸው ልማድ ወደ ጋራዡም ይግባ።