የመጀመሪያዎ 10 ኪሎ ሜትር

ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ተመዘገቡ እንበል። ልጆችዎም ገና ካሁኑ ለጎረቤት አውርተዋል፤ መመለስ የለም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። በጠዋት ተነስተን እንደ ኃይሌ እንወረወራለን፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጎናችንን ይወጋናል። በማግሥቱ ደረጃ መውረድ ያቅተናል፤ በሦስተኛው ቀን ጫማው አልጋ ሥር ይገባል። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። እዚሁ ተወልደን ብናድግም፣ ቢሮ ተቀምጦ የከረመ ሳንባ ዳገት አይወድም። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሂዱ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። አብሮዎት ከሚሮጥ ሰው ጋር ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። በየሳምንቱ ሶምሶማውን በጥቂቱ ያርዝሙት። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎት ግን ጫማ ከመግዛትዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጫማውንም ለውድድሩ ቀን ብለው በካርቶኑ አያስቀምጡት፤ አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል። የዕለቱ ቁርስ ዳቦና ሙዝ ይሁን፤ ፍርፍሩ ይቆይዎት። መነሻው ላይ ሕዝቡ እየዘፈነ ሲገፋዎት አይከተሉ፤ ይለፍዎት።

ልጆቹ የት ቆመው እንደሚጠብቁዎት ቀድመው ይስማሙ። ያን ቀን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ነው የሚለብሰው።