ስለ ቀደሙት ሙዚቀኞች ስም

ከቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል እምብዛም በማይርቀው፥ ለ2000 ዓ.ም. በዓል በተሠራው በሚሌኒየም አዳራሽ፥ በ2017 ዓ.ም. ታላቁ ድምፃዊ አቶ ማሕሙድ አሕመድ ከመድረክ የተሰናበቱበት የሙዚቃ ምሽት ተደርጎ ነበር። እንዲህ ባለው ምሽት አባት ከልጁ ጋራ ጐን ለጐን ቆሞ፥ አንዱ የኖረበትን ዘመን ሲያስታውስ ሌላው ያላየውን ዘመን ይናፍቃል። ይህ ደስታ የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ልናሳስበው የምንወደው አንድ ጉዳይ አለ። የቀደሙት ሙዚቀኞች ዳግመኛ በተሰበሰቡ ቍጥር ሕዝቡ የዘፋኙን ስም እየጠራ ያጨበጭባል፤ ከኋላ ሆኖ ጊታር የሚመታውን፥ ሳክስፎን የሚነፋውን ግን «ባንዱ» ብሎ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 «ኧረ መላ መላ» በሸክላ ሲወጣ ከአቶ ማሕሙድ ድምፅ ጋራ የተሰማው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ እርሱም ኋላ ሮሃ ባንድ ተባለ። በዚህ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ጊታር፥ ሰላም ሥዩም በሊድ ጊታር፥ ፈቃደ አምደ መስቀል በሳክስፎን አገልግለዋል። በደርግ ዘመን በየቤቱ ከተሰማው ካሴት እጅግ ብዙው የሮሃ ባንድ እጅ ያለበት ነው። ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው ይገኛል?

የዋልያስ ባንድ ነገርማ ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሲጫወቱ፥ ስለ ሰዓት እላፊው ተመልካቹ እስኪነጋ ድረስ ከእነርሱ ጋራ ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ጉዞው ሲፈጸም፥ እኩሌቶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እኩሌቶቹም በዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ አቶ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ብዙ ዘመን ኖሩ፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስም በመኪናቸው ውስጥ በያዙት ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የውጭ አገር አሳታሚ የቀድሞ ካሴታቸውን ዳግመኛ ባወጣው ጊዜ ዓለም አወቃቸው። በቤታችን የነበረውን ባዕድ ፈልጎ አገኘው ማለት ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ሰጥቶ፥ ዘመኑን 50 ዓመት አድርጎ ወስኖታል። ስሙ ያልተጻፈለት መሣሪያ ተጫዋች ግን በምን ማስረጃ ቀርቦ ይጠይቃል? በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተቀዱት ሸክላዎች 50 ዓመታቸው ሞልቷል፥ ያልሞላውም ሊሞላ ነው። የባለቤቶቹም ዕድሜ እንደዚሁ እያለቀ ነው።

የድጓ መምህር ከማን እንደ ተማረ ቢጠየቅ፥ መምህሩን፥ የመምህሩንም መምህር በስም እየቈጠረ ወደ ኋላ ይሄዳል። የዓለሙ ዘፈን ከያሬድ ዜማ ጋራ ይተካከላል ማለታችን አይደለም፤ ሊቃውንቱ ስምን የጠበቁበት ሥርዓት ግን ለሌላውም ሥራ ሊቀዳ የተገባ ነው።

የሙዚቃ ምሽት አዘጋጆች የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም በመድረክ ቢያስነግሩ፥ በማስታወቂያውም ወረቀት ቢያሳትሙ፥ ወጪው ኢምንት ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና የቤተ መዛግብቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ፥ በሕይወት ያሉትን ሙዚቀኞች በክብር ጠርተው፥ በየትኛው ሸክላና ካሴት ማን ምን እንደ ተጫወተ ቃላቸውን ቢያስጽፉ መልካም ነው። ይህም ሌላ የስንብት ምሽት ሳይመጣ ቢጀመር እንወዳለን።