ሰክሯል ከማለታችን በፊት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የቡና ለቀማ ወራት ነው። ገበሬውም ለቃሚውም ገንዘብ የሚይዘው ያን ጊዜ ስለ ሆነ መጠጥ ቤቱም አብሮ ይደምቃል። ሰው ደክሞ ሠርቶ መደሰቱን አንነቅፍም። ነገር ግን ከዚህ ደስታ ጋራ ተያይዞ የሚመጣ፥ በስኳር በሽታ የሚሠቃዩትን ወገኖቻችንን በተለይ የሚያሰጋ አንድ ጕዳይ ስላለ ዛሬ እርሱን ልናነሣ ወደድን።

ብዙ ሰው የመጠጥንና የስኳርን ነገር የሚመዝነው በምላሱ ነው። ጠጅ ጣፋጭ ስለ ሆነ ስኳር ያበዛል፤ አረቄ መራራ ስለ ሆነ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ብርዝ እንኳ ባያሰክርም ማር በውሃ ነውና የደምን ስኳር ፈጥኖ ከፍ ያደርጋል። ሁለተኛው ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሐሰት ይልቅ ያታልላል። አረቄ ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ የሚያወርደው ግን እንደ መድኃኒት ሳይሆን የጉበትን ሥራ በማሰናከል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሳይበላ በሚቆይበት ጊዜ አንጎሉ የሚሠራበትን ስኳር ለደም የሚያቀርበው ጉበት ነው። አስቀድሞ ካከማቸው ይሰጣል፤ ክምችቱ ሲያልቅም አዲስ ይሠራል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት እርሱን በማቃጠል ይጠመድና አዲስ ስኳር የመሥራት ኀይሉ ይደክማል። ሰውየው ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚውጥ ከሆነ፥ በአንድ ወገን መድኃኒቱ ስኳሩን ያወርዳል፤ በሌላ ወገን ጉበቱ አይተካም። አደጋውም ከሰዓታት በኋላ፥ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ወይም በማግስቱ ጠዋት ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ከአገሩ ልማድ ጋራ እናስተያየው። ከቀትር በኋላ ጫት ይዞ የተቀመጠ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ምሳው ያልፋል፥ እራቱም ይረሳል። ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል። ባዶ ሆድና አረቄ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ምልክቱ ስካር መምሰሉ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ምላሱ ይተሳሰራል፥ ይንገዳገዳል። አፉ አረቄ አረቄ እየሸተተ እንዲህ ሲሆን ያየው ጓደኛ «ሰክሯል፥ ይተኛበት» ብሎ ጋቢ ደርቦለት ይሄዳል። ጋቢ የደረበው እጅ የደግ ሰው እጅ ነው፤ ያ እንቅልፍ ግን ላይነቁበት የሚችል እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ሕመሙ እንዳለበት የሚታወቅ ሰው እንዲህ ሲሆን ከተገኘ፥ ነቅቶ መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፥ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው መድገም፥ ሲሻለውም ምግብ ማብላት ይገባል። ራሱን የሳተ እንደ ሆነ ግን ሊያንቀው ስለሚችል ባፉ ምንም ሳይጨምሩ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ለስኳር ሕመምተኛ ከሁሉ የሚሻለው አለመጠጣት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን «አትጠጣ» ብሎ ማሰናበት ብቻውን በቂ ምክር አይመስለንም። በሽተኛው እሺ ብሎ እጅ ነሥቶ ይወጣል፤ በማግስቱ የጠጣውን ደግሞ ከሐኪሙ ይሰውራል። ሐኪሙ ስለ ጫቱም ስለ መጠጡም ሳያሳፍር ቢጠይቀው፥ ባዶ ሆድ እንዳይጠጣ፥ ሕመሙን አብረውት ለሚቀመጡት እንዲነግር፥ ከመተኛቱ በፊት ስኳሩን እንዲለካ ቢመክረው ይበልጥ ይጠቅመዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ መንደር ልኮ በማስተማር የታወቀ ነውና፥ ይህን ቃል እስከ ጠጅ ቤቱና እስከ አረቄ ቤቱ ደጃፍ ቢያደርሱልን ምንኛ ባማረ!

ኢንሱሊን ቶሮንቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሽተኛ ከተሰጠ፥ ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ፥ መቶ ዓመት አልፎታል። መድኃኒቱ አለ፤ የጎደለው አጠገብ ያለው ሰው ዕውቀት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፥ ከእንግዲህ ሰክሯል ከማለታችን በፊት «ምሳ በልቷል ወይ? ስኳር አለበት ወይ?» ብለን እንጠይቅ።