የውሻ ሕክምና ከእርድ ቦታ ይጀምራል



በግ ወይም ፍየል ታርዶ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲገኝ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን «ለሰው አይሆንም» ብለን ለውሻ እንወረውረዋለን። በእኔ አስተያየት ግን በሽታውን ወደ ቤታችን የምንጠራው ያኔ ነው።

እንዲህ ያለው እባጭ ብዙውን ጊዜ የሃይዳቲድ በሽታ ምልክት ነው። ሰው በዚህ በሽታ የሚያዘው ጉበቱን በመብላት አይደለም። ውሻ ጥሬውን ሲበላው በእባጩ ውስጥ ያሉት እጮች በአንጀቱ ውስጥ አድገው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሱ የኮሶ ትሎች ይሆናሉ። ከስድስትና ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻው የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ግን በጠጉሩ፣ በአፈርና በውሃ፣ በልጆችም እጅ አድርጎ ወደ አፋችን ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ የሚፈጠረው እባጭ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድግና ለቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል።

የምንኖርበት ቱርካና በዚህ በሽታ መስፋፋት በዓለም ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ ነው። አምሬፍ እ.ኤ.አ. በ1983 በአካባቢው የጀመረው የቁጥጥር ሥራም ሰውን ከማከም አልፎ ውሾችን ማከምን ይጨምር ነበር።

«ውሾቹ ቢገደሉ ይሻላል» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ውሻ የሌሊት ዘበኛችን ነው፤ ቢገደልም የተጣለው ሳንባ ሌላ ውሻ ይስባል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በአንጀቱ ያለውን ትል ይገድላል፤ ዳግመኛ እንዳይያዝ ግን አይከላከልለትም። ዛሬ የታከመ ውሻ ነገ ጥሬ ሳንባ ካገኘ ሥራችን በወንፊት ውሃ መቅዳት ይሆናል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ከሕክምና በኋላ የሚወጣው ዓይነ ምድርም መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት።

ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ካምፕ «እጃችሁን ታጠቡ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላ ሳይታጠቡ እንዳይበሉ የተቻለንን እናድርግ። ጉድጓድ መቆፈር ግን ውሃ አይጠይቅም። ባለ ሉካንዳዎች፣ በየብሎኩ ለበዓል የምታርዱም ሁሉ፣ የተበላሸውን የሆድ ዕቃ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበሩት። ውሻ ያላችሁም መድኃኒቱን በግምት አትስጡ፤ መጠኑ በክብደቱ ስለሚወሰን የእንስሳት ጤና ሠራተኛን አማክሩ።

ውሾቻችንን እናክም፤ ጉድጓዱን ግን አስቀድመን እንቆፍር።